ጥያቄ ቁጥር ዐሥራ ሰባት

ከግሮኒንገን መጣሁ፣ በባቡር፣ በዝናብ፣
አርባ ጥያቄ ይዤ፣ ከአንድ እስከ አምስት የሚነበብ።
«የመንፈስ ብስለት መለኪያ» ይላል ከላይ ርዕሱ፤
ከሥሩ ክቦች ተደርድረዋል፣ በእርሳስ እስኪደመሰሱ።
አንድ «በፍጹም» ማለት ነው፣ አምስት ማለት «ሁልጊዜ»፤
ሦስት የጨዋ መሸሸጊያ፣ የመካከለኛ ትካዜ።
«ያልተለካ አይታወቅም» ብለውኛል መምህሬ፣
«ሐኪሙ ቴርሞሜትር አለው፤ ምን አለው ቄሱ እስከ ዛሬ?»

ሃርሊንገን፣ ከባሕሩ ዳር፣ የአረጋውያን መኖሪያ፤
ኮሪደሩ ሲነጋም ሲመሽም የአተር ሾርባ ሽታ ማደሪያ።
ዊቤ ይባላሉ፤ አርባ አንድ ዓመት የውሃ በር ጠባቂ፣
ማታ ከፋች፣ ንጋት ዘጊ፣ የማዕበል ልክ ዐዋቂ።
ወረቀቱን ሳወጣ ሳቁ፦ «ሂስከ፣ አንቺም ለኪ ነሽ?
ዘንግሽ የታለ? ሥሩንስ ከየት ጭቃ ላይ ተከልሽ?
ውሃ የሚለካ ሰው አስቀድሞ ዜሮውን ያጸናል፤
ዜሮው ያልተተከለ ቁጥር ከማዕበሉ ጋር ይዋኛል።»

መልስ አልነበረኝም። እርሳሱን ሰጠኋቸው።

«ጸሎት ሰላም ይሰጠኛል።»
«በየትኛው ቀን?» አሉ።
«ማክሰኞ አራት። ጉም ሲወርድ አንድ።
ሚስቴ የሞተች ሰሞን ቁጥር አልነበረም።»
ስምንተኛው ላይ አንቀላፉ፤
ዘጠነኛውን በሕልማቸው ሳይመልሱት አልቀረም።

ዐሥራ ሰባት።
«የበደሉኝን ሁሉ ይቅር ብያለሁ።»
መስኮቱን አዩ። ጀልባ የለም፣ ግራጫ ብቻ።
«ይቅር» አሉ።
«ይቅር ብለዋል ልበል?»
«የለም። ጥያቄው ይቅር።»
ቆይተው ግን እርሳሱን ራሳቸው አነሡ፤
«ታላቅ ወንድሜ ሹርድ
የአባታችንን ጀልባ ሸጠ። በእኔ ስም ፈረመ።
ሃምሳ ሁለት ዓመት ሆነው፤ ፊርማው ዛሬም እርጥብ ነው።»
አንድን አጠቆሩት፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ።

ማታ ከእንግዳ ማረፊያው አልጋ ጠርዝ ላይ ደመርኩ፦
ከሁለት መቶ ሰማንያ ሦስት። ሰንጠረዡን ተመለከትኩ፦
«ዝቅተኛ። ያልበሰለ። ምክር የሚያሻው።»
በሰማንያ ስድስት ዓመቱ ጥሬ የተባለ ሽማግሌ! ምነው!

በማግሥቱ ለረሳሁት ጃንጥላ ተመለስኩ።
በሩ ገርበብ ብሏል፤ ቁጥሩ የዊቤ ክፍል አይደለም።
አልጋው ላይ ግማሽ ፊቱ የሞተ፣
አንደበቱ የታሰረ ሰው ተደግፎ ተቀምጧል፣
ጉንጩ አረፋ በአረፋ።
ዊቤ ጎንበስ ብለው ጎድጓዳውን ሳሕን አስጠጉ፣
እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣
ውሃውን በክርናቸው ለኩ፤
ቀዝቃዛ ጨመሩ፤ ደግሞ ለኩ።
ከዚያ ምላጩ በጉሮሮው ላይ
እንደ ቀስተኛ መርከብ ሄደ።
«አገጭህን ቀና። ቀና በል እንጂ፣ አንተ ሌባ።
እዚህች ጋ ሁልጊዜ ትደማለህ።»

ነርሷ በጆሮዬ፦ «ወንድሙ ነው። በየጠዋቱ፤
ሦስት ዓመት። ሌላ ሰው እንዲነካው አይፈቅድም።»

ኮሪደሩ ላይ ያዝኳቸው። እጃቸው ሳሙና ይሸታል።
«ትናንት ግን… ይቅር አላልኩም ብለውኝ…»
«አላልኩም» አሉ፣ ፎጣውን እያጠፉ።
«ጢሙ ግን ያድጋል።»

ባቡሩ በቦዩ ዳር ሲሄድ ላጲሴን አወጣሁ፤
ዐሥራ ሰባትን ገልጬ ብዙ ጣቢያ አለፍኩ።
አላጠፋሁትም። ሰውየው አልዋሸኝም፤
አንድ፣ ልክ ነው።
ልኩ ግን አይደለም።
ከኅዳጉ ላይ «ክርን» ብዬ ጻፍኩ፤
መምህሬ ምን ይሉታል? የትኛው ሣጥን ውስጥ ይገባል?

ያን ማታ ቤቴ የመታጠቢያውን ቧንቧ ከፈትኩ፤
ክርኔን አስገባሁ።
ለብ ያለ መሰለኝ።
እርግጠኛ አይደለሁም።